በእርጥብ ጠፍር የተለካ ወለል

እስከ ዛሬ ድረስ የጣውላ ወለል ያለበት ቤት ስገባ በአንድ እግሬ ጫን አድርጌ ሳልሞክር ሌላውን አላስከትልም። የሚያዩኝ ሰዎች ይስቁብኛል። አናጺ ሆነህ እንጨት ትፈራለህ እንዴ ይሉኛል። እንጨትስ አልፈራም። የምፈራው አናጺውን ነው፤ አናጺ ምን ሠርቶ በምን እንደሚሸፍነው ከራሴ አውቀዋለሁና።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ቤተ ክርስቲያናችን በታሸገ በሁለተኛው ዓመት ነው። የምንኖረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ መሬቱ ማዘቅዘቅ ከሚጀምርበት ላይ ነበር። አባቴና እናቴ የጨንቻ ደገኞች ናቸው፤ እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ነው ወደ ቆላው ወርደው የሰፈሩት። እኔ በጊዜው የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ፣ በአንድ የመንግሥት እንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ደመወዝተኛ አናጺ ነበርኩ። የቀበሌው ሰዎች "ጓድ" ይሉኛል። በውይይት ክበብ ስለ ሰው ልጆች እኩልነት አፌን ሞልቼ እናገር ነበር። ሲያጨበጭቡልኝ ደስ ይለኝ እንደነበርም አልክድም።

አባቴ በወጣትነቱ በአንድ የሚስዮን ግቢ ውስጥ አትክልተኛ ሆኖ ሠርቷል። እዚያ ያየውን የጣውላ ወለል እስኪሞት ድረስ አልረሳውም። "ስትረግጠው ይመልስልሃል" ይል ነበር። "መሬት ዝም ይላል፣ ጣውላ ግን ይመልስልሃል።" ቤተ ክርስቲያኑ ከታሸገ በኋላ ይህ ምኞቱ ባሰበት። የጸሎት ቤታችን በር ላይ ሰም ሲለጠፍ ካየ ጀምሮ የራሱን ሳሎን የእግዚአብሔር ሕዝብ የሚሰበሰብበት ጣውላ የተነጠፈበት ቤት ማድረግ ፈለገ። በግልጽ እንዲህ አይልም፤ ያን ጊዜ በግልጽ የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ ግን ይገባኝ ነበር። ከልጁም የጠየቀው ብቸኛ ነገር ይህ ወለል ነው።

ለአርባ ምንጭ ሰው ጣውላ ማንጠፍ ቀላል አይደለም። ምስጥ አለ። በእኛ ሰፈር ምስጥ ከአብዮት ጠባቂ ይብሳል፤ ሳያንኳኳ ገብቶ ያለህን ይወስዳል። ወለሉን የሚሸከሙትን ወራጆች ጫፍ እንደ ልማዱ ጭቃ ግድግዳ ውስጥ ከቀበርክ፣ ምስጡ በግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ወጥቶ ሁለት ክረምት ሳይሞላ ዱቄት ያደርግልሃል። መፍትሔውን ያየሁት በአንድ የመንግሥት እርሻ መጋዘን ውስጥ፣ ፈረንጆች በሠሩት ቆጥ ላይ ነው። ወራጆቹ ግድግዳ አይነኩም። በሁለት ወፋፍራም ዋና ግንዶች መካከል ተንጠልጥለው ቀርተዋል። የእያንዳንዱ ወራጅ ጫፍ እንደ ሳጥን በታጠፈ ብረት ውስጥ፣ እግር ጫማ ውስጥ እንደሚገባ ገብቶ ተቀምጧል። የብረቱ ከንፈር ደግሞ በዋናው ግንድ ጀርባ ላይ ታጥፎ በሚስማር ተመቷል። ትክክለኛ ስሙን ማን ይነግረኛል፤ እኔ "የብረት ጫማ" አልኩት። ሰባት ወራጅ፣ አሥራ አራት ጫማ። ለአባቴ አስረዳሁት፣ ዓይኑ በራ።

እንዲህ ያለ ብረት በሱቅ አይገኝም። ሚስማር እንኳ በቀበሌ ወረቀት በሚገኝበት ጊዜ ማን ጫማ ይሸጥልሃል? የቀረን አንድ መንገድ ቀጥቃጭ ነበር።

ከሲቀላ ገበያ ዳር፣ ሾላ ጥላ ሥር ወናፉን ተክሎ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ማጠፊያ፣ የታዘዘውን ሁሉ ይሠራል። እጁ የተባረከ ሰው ነው። ችግሩ ከየት እንደመጣ ማወቃችን ነው። እሱም እንደኛ ከጨንቻ በላይ ካለችው ከዚያችው መንደር የወረደ ነው። ለሌላው የከተማ ሰው ቀጥቃጭ ነው፣ አለቀ። ለእኛ ግን አባቱም አያቱም የታወቀ ነው። ደጋ ላይ ለእነሱ ዘር የምንሰጠው ስም አለ፤ እዚህ አልጽፈውም፣ እስኪበቃቸው ተጠርተውበታል። ከእነሱ ጋር አንጋባም። ቤታችን አይገቡም። ማጭድ ሲያመጡ ከደጅ ይቆማሉ፤ የሚበሉትም በኮባ ቅጠል ላይ ተደርጎ በደጅ ይሰጣቸዋል። ከገቡ ጎሜ ይሆናል፤ ጎሜ ማለት ሕግ ሲጣስ የሚመጣ መዘዝ ነው፣ በሽታም ድርቅም የልጅ ሞትም ይሆናል ይባላል።

አባቴ ክርስቶስን የተቀበለ ዕለት ጎሜን በሕዝብ ፊት ክዷል። እኔ ደግሞ በውይይት ክበብ ክጃለሁ። ሁለት ጊዜ የተካደ ነገር መሞት ነበረበት። ቀጥቃጩም ቢሆን አማኝ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይታሸግ በየእሁዱ ይመጣል፣ በሩ አጠገብ ባለችው የመጨረሻዋ አግዳሚ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። እዚያ ተቀመጥ ያለው ሰው የለም። ሌላ ቦታ ተቀመጥ ያለውም የለም።

ሾላው ሥር ሄጄ የምፈልገውን መሬት ላይ በእንጨት ስዬ አሳየሁት። የተነጋገርነው በጋሞኛ ነው። በዕድሜ አባቴን ያክላል፤ እኔ ግን "አንተ" አልኩት። እሱን "እርስዎ" ማለት እንደሚቻል እንኳ በሐሳቤ አልመጣም።

ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አየው። "ይሄ ቆንጆ ነገር ነው" አለ። "ከአስፋልት በርሜል ብረቱን ደርቤ እሠራዋለሁ። ግን ወራጁን ማየት አለብኝ። ወይ ስንዝር የምታክል ቁራጭ አምጣልኝ፣ ወይ እኔ መጥቼ ልየው። ይሄ በግምት የሚሠራ አይደለም።"

ቤት ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ያን ቀን ደጅ ተቀምጦ ለራሱ አልጋ ጠፍር ይወጥር ነበር። ጥሬ ቆዳ በቀጭኑ ተተልትሎ፣ ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ እንደራሰ ነው የሚወጠረው፤ ሲደርቅ እየተሰበሰበ አልጋውን እንደ ከበሮ ያጠብቀዋል። ይህን የማያውቅ ሰው በእኛ አገር የለም።

"እዚህ ቤት አይገባም" አለ አባቴ፣ ቀና ሳይል።

"እሺ፣ ቁራጭ ልውሰድለት።"

"የቤቴ እንጨት በእሱ እሳት አጠገብ አያድርም። እንዲህ ያለ ቤት አይጸናም።"

"አባ፣ ይህን እኮ ክደሃል።"

"ክጃለሁ" አለ፣ ጠፍሩን እየጎተተ። "እኔ ክጃለሁ። እናትህ ግን ትፈራለች።"

እናቴ ማድቤት ነበረች፤ የተባለውን አልሰማችም፣ የጠየቃትም የለም። ከክርክር መገላገል ፈለግሁ። ከእግሩ ሥር ካለው ገንዳ አንድ ራሰ ጠፍር አንስቼ በቢላ ቆረጥኩ። ወራጁ ላይ ዘርግቼ ለወርዱ አንድ ቋጠሮ፣ ለቁመቱ ሌላ ቋጠሮ አሰርኩ። አናጺ ነኝ፤ ሜትር ነበረኝ። ቀጥቃጩ ቁጥር አያውቅም ብዬ ነው ለራሴ የነገርኩት፤ ያውቅ እንደሆነ ግን ጠይቄው አላውቅም።

ጠፍሩን ስሰጠው በጣቱ ጨመቀው። "ይሄ እርጥብ ነው።"

"አዎ።"

"ይደርቃል። ያጥራል።"

"ትንሽ ነው።"

"አንተ እንጨት ሠሪ ነህ፣ እኔ ብረት ሠሪ ነኝ" አለ በቀስታ። "ትንሽ የሚባል ነገር ሁለታችንም እንደሌለ እናውቃለን። በርሜሉን ስታመጣ እንጨቱን ይዘህ ና። እስከዚያ አልጀምርም።"

በርሜሉን በዐሥር ቀኔ አመጣሁ። እንጨቱን አላመጣሁም። ጠፍሩ ከወናፉ አጠገብ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ሽቦ ደርቋል። "እንጨቱስ?" አለኝ። "በጠፍሩ ሥራ" አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። ቆጣ ብዬ "በጠፍሩ ሥራ አልኩህ እኮ" አልኩት፤ ገበያተኛው ዞር ብሎ እስኪያየኝ ድረስ። ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም። ጠፍሩን ከቅርንጫፉ አውርዶ በብረቱ ላይ ዘርግቶ፣ እያየሁት፣ በቋጠሮው ልክ በሹል ብረት ጫር አደረገ።

ሥራው ካለቀ በኋላ አሥራ አራቱን ጫማ በገመድ አስሮ ሲያስረክበኝ ጠፍሩንም አብሮ ሰጠኝ። "ልኬትህን ያዝ" አለኝ። "ጫማዎቹ ከዚህ አይበልጡም፣ አያንሱም።" ጠፍሩን በኮቴ የደረት ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ያን ያህል ያማረ የብረት ሥራ በሕይወቴ ጥቂት ጊዜ ነው ያየሁት። ማዕዘናቸው አንድ ዓይነት ነው፤ የሚስማር ቀዳዳቸው እንኳ ዳርዳሩ ተሞርዶ ለጣት ይለሰልሳል።

ወራጁ ግን አልገባም።

በወርድ በጣም ጥቂት ጠቧል፤ እሱስ ግራና ቀኙን በመላጊያ ቢላጉት ይገባል። ትልቁ ችግር ቁመቱ ነው። ጫማው ከወራጁ ሦስት ጣት ያህል አጥሮ መጣ። ወራጁን ባስቀምጠው ከዋናው ግንድ በላይ ይቆማል፤ ወለሉ አይተካከልም። ማድረግ የነበረብኝን አውቃለሁ። ሌላ በርሜል ፈልጌ፣ ወደ ሾላው ተመልሼ "ያልከው ልክ ነበር" ማለት ነበረብኝ። በርሜል አይጠፋም ነበር። ያቃተኝ ሦስቷ ቃል ናት። ለእሱ ያንን ማለት አልቻልኩም። ለአባቴም ማለት አልቻልኩም። ደግሞ አባቴ ቤቱ የሚመረቅበትን ቅዳሜ ለአማኞች ሁሉ አስነግሯል፤ ለምርቃት ተብሎ ከቀበሌ ፈቃድ ወጥቷል።

ስለዚህ የሰባቱንም ወራጅ ጫፎች ከሥር በመጋዝ ሦስት ሦስት ጣት አጎደልኩ። ይህን እኛ አናጺዎች ጥርስ ማውጣት እንለዋለን። እንጨቱ ከጨንቻ የወረደ፣ በቅጡ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ነው። የወራጅ መቀመጫ ከሥር አይነካም፤ ሥራ ቤት ስገባ አለቃዬ በመጀመሪያው ሳምንት ያስተማረኝ ይህንን ነው። ጥርሱ ካለበት ማዕዘን ላይ ይጀምርና እንደ ማገዶ ፈልቆ ይሄዳል። ይህን እያወቅሁ አሥራ አራት ጊዜ መጋዝ አነሣሁ። ከዚያ ጣውላውን አነጠፍኩበት። ከላይ ሲታይ እንከን የሌለው ሥራ ነበር።

አባቴ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ከዳር እስከ ዳር ሄደበት። ወለሉ መለሰለት። ወደ ግድግዳው ዞሮ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት፤ ያን ጊዜም ልነግረው እችል ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አማኞች መጡ። ወደ አርባ ይጠጋሉ። ለሁለት ዓመት ጮክ ብለው ያልዘመሩ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ በለሆሳስ ጀመሩ። እናቴ ትሪ ላይ ዳቦ ይዛ ግድግዳውን ታክካ ታድላለች። እኔ መስኮቱ አጠገብ ነበርኩ፤ ወደ ደጅ ሳይ ቀጥቃጩን አየሁት። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ታዛው ሥር፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ ቆሞ፣ ከንፈሩ ከእኛ ጋር ይዘምራል። የራሱን ሥራ ለማየትም ይሆናል የመጣው። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ግባ አላልኩትም። መጋረጃውን ግን ነካ አደረግሁ፤ ልዘጋው ነበር፣ አፈርኩና ተውኩት።

መዝሙሩ ከፍ እያለ ሄደ። ጭብጨባ ተጨመረበት፣ ከጭብጨባው በኋላ እግር ተጨመረበት። ሁለት ዓመት የታፈነ ደስታ በሙሉ ወለሉ ላይ ወረደ። ከሥር አንድ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ሌላ። ወለሉ እናቴ በቆመችበት ግድግዳ በኩል ቁልቁል ወረደ። መሬቱ አዘቅዛቂ ስለሆነ በዚያ በኩል ከሥሩ እስከ ሰው ወገብ የሚደርስ ባዶ ነበር፤ መሠረቱ ድንጋይ ነው። ሌሎቹ እየተደጋገፉ ተረፉ። እናቴ ከነትሪዋ ድንጋዩ ላይ ወደቀች። ጩኸቷን አልሰማሁትም፤ ዳሌዋ ሲሰበር ግን ሰማሁ። ወይም ሰማሁ ብዬ አምናለሁ።

ጫጫታውን ሰምተው አብዮት ጠባቂዎቹና የቀበሌው ሊቀመንበር ወዲያው ደረሱ። እናቴን በአልጋ አድርገው ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሊቀመንበሩ ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ፣ ጋሞኛ የማያውቅ ሰው ነው። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ። ሕዝቡን በዓይኑ ቆጠረ።

"ለምርቃት ይህ ሁሉ ሰው?" አለ። "ምን ስብሰባ ነው ይሄ?"

በወንበሮቹ ላይ የመዝሙር ደብተሮች አሉ። አንዲት ሴት ቀስ ብላ አንዱን በነጠላዋ ሥር ስታስገባ አየሁ። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነበር፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ከመጣ የሚቀጥለው ቦታ እስር ቤት ነው።

አባቴ ነው የተናገረው። "ምርቃት ነው ጓድ ሊቀመንበር። ብረቱ ነው የከዳን። ቀጥቃጩ የሠራው ብረት ነው።"

ሊቀመንበሩ ፊቱ ተለወጠ። "አሻጥር" አለ፣ ቃሉን እያጣጣመ። "ቀጥቃጩ የት ነው?"

ሩቅ አልነበረም። ታዛው ሥር ነበር። ሁለት ጠባቂዎች ክንዱን ይዘው አስገቡት። የቤታችንን ደፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሻገረው እንዲህ ነው፣ በሁለት ጠመንጃ መካከል።

ወደተሰበረው ጥግ ሄዶ ጎንበስ አለ። ጫማዎቹ ከዋናው ግንድ ላይ ሳይነቃነቁ ተንጠልጥለዋል፤ በውስጣቸውም የተሰነጠቀው ወራጅ ቁራጭ እንደተሰካ ቀርቷል። የተጋዘውን ማዕዘን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ሁሉንም እንዳወቀ አወቅሁ።

አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው። "ጫማ ይዛለች" አለ ለሊቀመንበሩ። "እንጨት ናት የሄደችው። እንጨት ተቆርጣለች።" አንዱ ጠባቂ ሳቀ።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። "ጓድ፣ አንተ ባለሙያ ነህ። ምን ትላለህ?"

"ብረቱ ከልኩ ጠቦና አጥሮ መጣ" አልኩ። "የቆረጥኩት እንዲገባ ብዬ ነው።" ጠባብና አጭር ነበር፤ ይህ እውነት ነው። በውስጡ እውነት ያለበት ውሸት እንዴት እንደሚያጣብቅ ያን ቀን ተማርኩ።

ቀጥቃጩ አልጮኸም። "ጠፍር የታለች?" አለኝ። "ልኬት የሰጠህ ጠፍር። ለአንተ መልሼ ሰጥቻለሁ። ጠፍር ትምጣ፣ ጫማና ጠፍር ይለካ። ጫማ ካነሰች እኔ ይታሰራል።"

ሁሉም እኔን አየ። አባቴም አየኝ። ያን ኮት ለብሼ ነበር። ጠፍሩ በደረቴ ላይ፣ በኪሴ ውስጥ፣ አንዱ ቋጠሮ በሸሚዜ በኩል ይቆረቁረኛል።

"ጠፍቷል" አልኩ።

አሁን ማንም ያልጠየቀኝን ልናገር። ያ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ራሱን ማዳን ይችል ነበር። "ይሄ ጸሎት ነው፣ ምርቃት አይደለም" ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። ታዛው ሥር ቆሞ መዝሙሩን በሙሉ ሰምቷል፣ አብሮም ዘምሯል። ሊቀመንበሩ ሊሰማ የሚፈልገውም እሱኑ ነበር። አፉን ከፈተ፤ የመጨረሻዋ አግዳሚ ላይ ብቻውን እያስቀመጡ ለዓመታት ጀርባቸውን የሰጡትን ሰዎች አንድ በአንድ አየ፤ አፉን ዘጋ። ይዘውት ሄዱ።

ለብዙ ዓመታት ለአማኞች ስል ነው ዝም ያልኩት እያልኩ ራሴን አታልያለሁ። ለአማኞች ሲል ዝም ያለው እሱ ነው። እኔ ዝም ያልኩት ለራሴ ነው።

ሁለት ወር ያህል በቀበሌ ታሰረ። ወናፉንና መዶሻውን ወርሰው ቀበሌ መጋዘን ውስጥ ጣሉት፤ ሾላው ሥር እንዳይሠራ ተከለከለ። ሲፈታ ወደ ደጋ ተመለሰ ተባለ። ምን ይዞ እንደተመለሰ የጠየቀ አልነበረም። እኔ በዚያው ዕለት፣ ሰዎቹ ሲበተኑ፣ ጠፍሩን ከማድቤቱ ጀርባ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። የቆዳ ሽታ ግቢውን ሞላው። ወደ ቤት ስመለስ አባቴ ቀጥቃጩ የረገጠውን ደፍ በባልዲ ውሃ ያጥባል። "በኢየሱስ ስም" ይላል እያጠበ። ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ በታች ያለው ነገር ግን ጥላቻ ነበር፣ እሱን ይሁን ራሴን ለይቼ አላውቅም።

ወለሉን መልሼ ሠራሁት። በዚያው ጫማ። ወራጆቹን ከዳር እስከ ዳር በጫማው ልክ ላግሁ፣ ጥርስ የሚባል ነገር አላወጣሁም፣ ከመሐል ድጋፍ ጨመርኩ። ወለሉ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አልተንቀሳቀሰም። "አሻጥር" የተባለው ብረት ለምን አሁን ያዘ ብሎ የጠየቀ ሰው በቤታችን ውስጥ አልተገኘም። እናቴ ዳሌዋ ሳይድን፣ በምርኩዝ፣ ለቀሪ ዕድሜዋ በዚያ ወለል ላይ ተመላለሰች። የምርኩዟን ኳኳታ ወለሉ ይመልስላት ነበር። አንድ ቀን ብቻ "ያ ሰው ግን ልጆች አሉት?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

አባቴም እናቴም ካለፉ በኋላ፣ ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ቤቱን ላፈርስ ወለሉን አነሣሁ። ምስጡ በመሐል ድጋፉ በኩል መንገድ አግኝቶ ጣውላውን በልቶታል። አሥራ አራቱ ጫማ ግን ማዕዘናቸው እንደ መጀመሪያው ቀን ነው። በጆንያ አሰርኳቸውና ወደ ጨንቻ በሚወጣ የጭነት መኪና ተሳፈርኩ። ምን እንደምል መንገዱን ሙሉ ተለማመድኩ።

ከመንደሯ ዳር፣ ገደሉ ከሚጀምርበት፣ በቀርከሃ የተሠራች ትንሽ ጎጆ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። በተዋሰው መዶሻ፣ በድንጋይ ላይ፣ የሰው ማጭድ ያቃናል። ወናፍ የለውም። አልተነሣም።

"እንዴት ነዎት?" አልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ቃሉ በአፌ ውስጥ እንግዳ ሆነ።

ጆንያውን ፈትቼ ጫማዎቹን ፊቱ ደረደርኩ። አንዱን አነሣ፣ አውራ ጣቱን በማዕዘኑ ላይ አሳለፈ፣ መልሶ አስቀመጠው።

"ጠፍሩን አመጣኸው?" አለኝ።

"አቃጠልኩት። ያን ቀን ኪሴ ውስጥ ነበር። ያልከው... ያሉት ሁሉ ልክ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።"

"ኪስህ ውስጥ እንደነበረ አውቃለሁ" አለ። "ከኮትህ አንደኛው ቋጠሮ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር።"

ደመናው ከገደሉ ተነሥቶ መጣ፤ ደጋው ላይ ዝናብ ሲመጣ ጊዜ አይሰጥም። ሚስቱ ከጎጆዋ ብቅ አለች። ማን እንደሆንኩ አላወቀችም፤ ወይም አውቃ ግድ አልሰጣትም። "እንግዳው ይበሰብሳል፣ ግባ በለው እንጂ" አለችው።

እሱም ማጭዱን አስቀምጦ ተነሣና በሩን ለቀቀልኝ። "ግባ" አለኝ። ምንም ክፋት አልነበረበትም።

ልገባ ፈልጌ ነበር። ይህን እንዲያምነኝ የምለምነው ሰው የለም፤ ግን ፈልጌ ነበር። አንድ እግሬን አነሣሁ። ደፉ ላይ ሲደርስ እግሬ ቆመ። ሐፍረት ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ሐፍረት አልነበረም። ያቆመኝ ከአባቴ ባልዲ የቀረ ነገር ነው፤ አባቴ በሕዝብ ፊት፣ እኔ በውይይት ክበብ የካድነው ጎሜ። ይቅርታ ልጠይቅ ያን ያህል ዳገት ወጥቼ፣ የሰውዬውን ደፍ መርገጥ ፈራሁ።

እሱም እግሬን አየው። በዓይኑ ልክ እንደሚወስድ ሰው ረጋ ብሎ አየው።

"ተይው" አላት ሚስቱን። ገባ።

ዝናቡ ወረደ። ጫማዎቹ ደጅ ላይ ተደርድረው ውሃ ይሞላቸው ጀመር። እኔ ታዛው ሥር፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቄ ቆሜ፣ እስኪያባራ ጠበቅሁ።